ጎረቤቶቼ አፓርታማውን ተቃወሚ ይሉኛል፤ እህቴ ደግሞ ተከራይ ናት

ለተከበሩ አማካሪያችን፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደ ታናሽ እህትዎ ቆጥረው እንዲመክሩኝ ነው የምጽፍልዎ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት እየሠራሁ፣ ባለቤቴ ቀን ታክሲ እየነዳ ማታ መኪና ማቆሚያ እየሠራ፣ ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ባለ ግቢ ቤት ገዛን። ትልቅ አይደለችም። ጓሮዋን ግን እወዳታለሁ። ሙቀቱ ሲመጣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳምና በሶብላ እተክላለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና የምናፈላው እዚያ ነው።

ባለፈው መኸር አንድ ደብዳቤ በፖስታ ደረሰን። ከጓሮአችን በስተጀርባ፣ ትልቁ መንገድ ዳር ያለው ባዶ የቢሮ ሕንፃ ፈርሶ በምትኩ ባለ አምስት ፎቅ፣ 220 ቤቶች ያሉት አፓርታማ ሊሠራ ነው ይላል። ሰፈሩ ታመሰ። የሰፈሩ ማኅበር የተቃውሞ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ።

በቀኝ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ አሜሪካዊ ናቸው። ቤቱን በገዛን በመጀመሪያው ክረምት የበረዶ መጥረጊያ አምጥተው እንዴት እንደሚጠረግ ያሳዩን፣ ልጄ በሌሊት ሲታመምብኝ ሆስፒታል ያደረሱን እሳቸው ናቸው። አሁን ፊርማዬን ብቻ ሳይሆን ካውንቲው ዕቅዱን በሚመለከትበት ስብሰባ ላይ ቀርቤ እንድናገር ይፈልጋሉ። «እኔ ብናገር ነገሩ የሽማግሌ ማጉረምረም ይመስላቸዋል፤ አንቺን ግን ይሰሙሻል» አሉኝ። የማነበውንም ጽፈው ሰጡኝ። ስለ ጥላው፣ ስለ መኪና ማቆሚያው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ መጨናነቅ ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ ግን «ለሰፈሩ ደንታ የሌላቸው ጊዜያዊ ነዋሪዎችና ከእነሱ ጋር የሚመጣው ወንጀል» የሚል አለ።

ታናሽ እህቴ እሑድ ለቡና ስትመጣ ያንን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘችው። እሷ ከሁለት ልጆቿ ጋር ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምርባታል። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች ለመንከባከብ በሁለት አውቶቡስ ትመላለሳለች። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ «ጊዜያዊ ነዋሪ የሚሉት እኔን ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሁለተኛውን ሳትጠጣ ልጆቿን ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ስደውልላት «ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች።

ባለቤቴ «ቤቱ ጡረታችን ነው፤ ዋጋው ከወደቀ እንደ ገና የምንለፋበት ጉልበት የለንም፤ ፈርሚ» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም አፓርታማው ባይሠራ ደስ ይለኛል። አምስት ፎቅ ሙሉ ሰው ጓሮዬን ቁልቁል ሲያይ ይታየኛል። ግን የእህቴ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ስብሰባው ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ስስታም ሆኜ ይሆን? ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውድ እህቴ፣

ስስታም አይደለሽም። ሌሊት እየቆመች፣ ቀን እንቅልፏን እየቆራረጠች ያገኘችውን ግቢ የምትሳሳለት ሴት ስስታም አትባልም። ጤና አዳም የተከልሽበት መሬት፣ ከስደት በኋላ «የኔ» ያልሽው የመጀመሪያው መሬት ነው። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ከጀርባው ሊቆም ነው ሲባል ልብሽ ባይደነግጥ ነበር የሚገርመኝ። ስለዚህ በድንጋጤሽ አትፈሪ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከምሽቱ በአንዱ፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ፣ ያንን ጎረቤትሽ የሰጡሽን ወረቀት አውጪና እርሳስ ይዘሽ አንብቢው። የራስሽ ስሜት የሆነውን ብቻ አስምሪበት። ጥላው? ግላዊነትሽ? የመኪናው ብዛት? ልጆችሽ የሚማሩበት ክፍል መጣበቡ? ከእነዚህ አንተን የነካህ የቱ ነው ብባል እኔም ጥላውንና ወደ ግቢ የሚያየውን መስኮት አስቀድም ነበር። «ጊዜያዊ ነዋሪዎችና ወንጀል» የሚለው ጋ ስትደርሺ እርሳስሽ ይቆማል ብዬ አምናለሁ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ያ ስጋት ያንቺ አይደለም፤ በሰው አፍ የተጻፈ ነው። ግራ ያጋባሽም የሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ይመስለኛል። የጓሮሽን ነገር ለመናገር የእህትሽን ክብር አብረሽ እንድታነቢ ተጠየቅሽ።

ስለዚህ አቋሜን ሳልሸፍን ልንገርሽ። ያንን ወረቀት አታንብቢ፤ ፊርማው ላይም ስምሽን አታስፍሪ። ስብሰባው ላይ ግን ቅሪ አልልሽም። ሂጂ፤ በራስሽ ቃል ተናገሪ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳሽ። በዚያ ስብሰባ ላይ የሚቀመጡት፣ የግንባታ ዕቅዶችን መርምረው የሚወስኑት አምስቱ የካውንቲው የፕላን ቦርድ አባላት ሊለውጡት የሚችሉት ነገር አለ፤ ሊነኩት የማይችሉትም አለ። ሕንፃው ምን ያህል ከአጥርሽ ይራቅ፣ በየት በኩል ዝቅ ይበል፣ የመኪና መግቢያው በየት ይሁን፣ የትኛው ዛፍ ይትረፍ፣ የዝናቡ ውሃ ወዴት ይፍሰስ የሚለው ሁሉ ጉዳያቸው ነው። ማን ይኖርበታል የሚለው ግን ጉዳያቸው አይደለም። ከ1968 ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ሰውን ከመኖሪያ ማግለልን ይከለክላል። በኋላም ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች በዚሁ ሕግ ጥበቃ ተካተዋል። ሜሪላንድ ደግሞ በ2020 ባወጣችው ሕግ ኪራዩን በመንግሥት ድጋፍ የሚከፍልን ሰው በዚያ ምክንያት አላከራይም ማለትን ከልክላለች። ስለዚህ ስለሚመጡት ሰዎች ባሕርይ ቆመሽ ብትናገሪ ለመናገር የሚሰጥሽን ሦስት ደቂቃ ለቦርዱ በማይጠቅም ነገር ታባክኛለሽ። ስለ ጥላው ብትናገሪ ግን ብዕራቸውን ያነሣሉ።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይሄኛው ያንገበግበኛል። በ1926 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦሃዮ ውስጥ ዩክሊድ በምትባል መንደር ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ የመኖሪያ ሰፈሮችን በዓይነት ከፍሎ መከለልን ሕጋዊ አደረገ። በዚያ ፍርድ ላይ አፓርታማ በባለ ግቢ ቤቶች መካከል ሲቆም ጥገኛ ተውሳክ ነው የሚል ቃል ተጽፏል። በዚያው ዘመን እዚያው አንቺ ባለሽበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መሬቱን እየሸነሸኑ የሸጡ ኩባንያዎች በብዙ ሰፈሮች የሽያጭ ውል ውስጥ ቤቱ ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚል አንቀጽ አስገብተው ነበር። ፍርድ ቤቶች ይህን አንቀጽ ማስፈጸም እንዳይችሉ የተወሰነው በ1948 ነው። ከዚያም ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው በሕግ የተከለከለው። እንግዲህ አንቺና ባለቤትሽ ዛሬ ቡና የምታፈሉበትን ግቢ፣ በዚያ ዘመን ብትወለዱ ኖሮ፣ ገንዘብ ይዛችሁም ላትገዙት ትችሉ ነበር። ጎረቤትሽን በዚህ አልከስም። በሌሊት ልጅሽን ሆስፒታል ያደረሰ ሰው ልብ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰውየው ምናልባት ያ አረፍተ ነገር ከየት እንደተወረሰ አስበውትም አያውቁም። ግን ቃሉ ወርሶ የመጣ ነው፤ ባንቺ አፍ እንዲነገር ደግሞ አልፈልግም። «አንቺን ይሰሙሻል» ያሉሽ ስደተኛ ስለሆንሽ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ስምሽን ለማን እንደምታውሽው ምረጪ።

ደግሞስ «ተከራይ ለሰፈሩ ደንታ የለውም» የሚለውን እኛ እናውቀዋለን? አዲስ አበባ ውስጥ ያደግን ብዙዎቻችን አንድ አጥር ውስጥ ባለቤቱም፣ ሰርቪስ ቤት የተከራየው አስተማሪም፣ የቀበሌ ቤት ያላት መበለትም አብረው ነበሩ። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክለው፣ እድር የሚሰበስበው ተከራይ ነው ባለቤት ነው ተብሎ አይለይም ነበር። ይህን የምጽፈው ያንቺን የግቢ ፍቅር ለማቃለል አይደለም። ሰፈር በማን እንደሚሠራ ከልጅነትሽ የምታውቂው ስለሆነ፣ ያንን ዕውቀት እዚህ አገር ስትደርሺ እንዳትተይው ነው።

አሁን ወደ እህትሽ። ይህን ከስብሰባው አስቀድሚ፤ አምስት ሳምንት አትጠብቂ። በስልክም አትሞክሪው። «ሥራ ላይ ነኝ» ካለችሽ ሥራ በማትገባበት ቀን አንቺ ቤቷ ሂጂ። ጥፋቱ የተፈጸመው በቤትሽ ነውና መንገዱን አንቺ ሂጂው። ምን ልበላት ትይኝ ይሆናል። ስለ አፓርታማው ለማስረዳት አትጣደፊ። «ያንን ወረቀት ስታነቢ ዝም አልኩሽ፤ ያን ጊዜ ‹አንቺን አይደለም፣ እኔም አልስማማበትም› ማለት ነበረብኝ» ብትያት ይበቃል። ከዚያ አዳምጫት። ምናልባት የከፋት ወረቀቱ ላይሆን ይችላል። ከዓመታት በፊት ቤት ስትገዙ የተሰማት ነገር ይኖር ይሆን? ልጆቿ ያንቺ ግቢ ውስጥ ሮጠው ሲመለሱ «እኛስ መቼ ነው?» ብለዋት ያውቁ ይሆን? እኔ አላውቅም፤ አንቺም ካልጠየቅሻት አታውቂም። ሁለት እህትማማቾች አንዷ ባለቤት፣ ሌላዋ ተከራይ ሲሆኑ መካከላቸው ብዙ ያልተነገረ ነገር ይከማቻል፤ ይህን ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ብዛት አውቃለሁ።

እዚያው ሆነሽ ስለ ኪራዩም ጠይቂያት፤ ለምክር ሳይሆን ለማወቅ። ምክንያቱም ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ነገር አለ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አውጥቷል፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2024 ነው። ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች የዓመቱ ጭማሪ የዋጋ ንረቱ መቶኛ ላይ ሦስት በመቶ ተደምሮ ከሚገኘው መብለጥ የለበትም፤ ንረቱ ምንም ቢሆን ደግሞ 6 በመቶ ጣሪያው ነው። ከተሠሩ 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎችና ሁለት ወይም ከዚያ ያነሰ ቤት ብቻ የሚያከራዩ ባለቤቶች አይመለከታቸውም። የእህትሽ ሕንፃ አሮጌ ከሆነ የመጨረሻውን የጭማሪ ደብዳቤ አውጥታችሁ በመቶኛ አስሉት። ከበለጠ ወደ ካውንቲው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውላችሁ የአከራይና ተከራይ ጉዳዮችን ክፍል ጠይቁ። አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን ማለት ትችላላችሁ፤ ማንም አይቆጣም።

ሌላው ደግሞ ያ ጓሮሽን የሚጋርደው ሕንፃ ራሱ ነው። በዚህ ካውንቲ ከ1974 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፤ ሃያና ከዚያ በላይ ቤቶች የሚሠራ ባለሀብት ቢያንስ 12.5 በመቶውን ገቢያቸው መካከለኛና ከዚያ ዝቅ ላሉ ቤተሰቦች በቅናሽ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፤ በአንዳንድ አካባቢዎች 15 በመቶ ነው። ከ220 ቤቶች 12.5 በመቶው 28 ያህል ማለት ነው። እነዚህ ቤቶች ለቤተሰቡ ብዛት በተወሰነ የገቢ ልክ የሚሰጡ ናቸው፤ ለኪራይ ሲሆን ማመልከቻው ለሕንፃው አከራይ ቢሮ በቀጥታ ይቀርባል። አረጋውያንን እየተንከባከበች ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት የገቢው ልክ ውስጥ ልትገባ የምትችል ይመስለኛል። እህትሽ እዚያ መኖር ትፈልግ አትፈልግ የእሷ ፈንታ ነው። ምናልባትም «ከጓሮሽ ጀርባ ሆኜ ቁልቁል ልይሽ?» ብላ ትስቅብሽ ይሆናል። ግን ወረቀቱ «ጊዜያዊ» ያላቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ አሁን በቁጥር ታውቂያለሽ።

«ለምን እኔ ጓሮ ጀርባ?» የሚለውም ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ባጭሩ ልመልሰው። ካውንቲው በ1980 የመሬቱን ሲሶ የሚሆን፣ 93,000 ኤከር አካባቢ፣ ለእርሻ ብሎ ከልሎታል። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚሠራው በቀረው መሬት ላይ ነው፤ በተለይ ትላልቅ መንገዶችና የትራንስፖርት መስመሮች ዳር። ቤቴስዳን ከኒው ካሮልተን በ21 ጣቢያዎች የሚያገናኘው ፐርፕል ላይን የተባለው የቀላል ባቡር መስመር እየተሠራ ያለውም በእናንተው አካባቢ አልፎ ነው። በ2025 ደግሞ የካውንቲው ምክር ቤት በሰፋፊ መንገዶች ዳር ቀድሞ ባለ ግቢ ቤት ብቻ ይፈቀድ በነበረበት ቦታ መንትያ ቤቶች፣ ታውንሃውስና አነስተኛ አፓርታማዎች እንዲሠሩ ፈቅዷል። ይህን የምነግርሽ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ያ ባዶ የቢሮ ሕንፃ እንዳለ ይቆያል ብለሽ ከተከራከርሽ ግን የምትከራከሪው ለማይሆን ነገር ነው። አንድ ነገር ይሠራበታል። ጥያቄው እንዴት ይሠራ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ድምፅሽ ዋጋ አለው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ እባክሽ ስጋቱን እንደ ክፋት አትቁጠሪው። ታክሲና መኪና ማቆሚያ እየሠራ ቤት የከፈለ ሰው ሌላ ጡረታ የለውም። ስለዚህ «አይዞህ» ብቻ አትበዪው፤ ማስረጃ ይዘሽ ተቀመጪ። ኧርባን ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ተቋም በ2022 እዚያው ጎረቤታችሁ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በቅናሽ የሚከራዩ ቤቶች አጠገብ ያሉ ቤቶች ዋጋቸው ምን እንደሆነ አጥንቶ ነበር። በአማካይ ዋጋቸው አልወደቀም፤ እንዲያውም በጣም በጥቂቱ፣ በ0.09 በመቶ፣ ጨምሮ ተገኝቷል። ይህ አማካይ ነው፤ ስለ እናንተ ቤት ዋስትና አይሰጥም፤ ለባለቤትሽም ይህንኑ ሳትደብቂ ንገሪው። ከአጥሩ ጋር የሚዋሰነው ቤት ከሦስት መንገድ ርቆ ካለው ቤት ጋር እኩል አይነካም። ለዚህም ነው ትልቁን ጉልበታችሁን ሕንፃው እናንተ ጋ ሲደርስ ዝቅ እንዲልና እንዲርቅ በመጠየቅ ላይ ብታውሉት የቤታችሁን ዋጋ የበለጠ የሚጠብቀው። ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ደግሞ፣ አንድ የአፓርታማ ቤት በአማካይ ከአንድ ባለ ግቢ ቤት ያነሱ ተማሪዎችን ነው የሚልከው። ቢሆንም የልጆችሽ ትምህርት ቤት አሁን ምን ያህል ሞልቷል የሚለውን መጠየቅ መብትሽ ነው፤ በየዓመቱ የሚታይ ቁጥር አለው።

አሁን ሥራው። ማመልከቻውና ሥዕሎቹ በፕላን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አሉ፤ የደረሳችሁ ደብዳቤ ላይ የፋይሉን ቁጥር ታገኚዋለሽ። ጉዳዩን የያዘ ባለሙያም አለ፤ ስሙና ኢሜይሉ እዚያው ነው። ኢሜይል ጻፊለት ወይም ዊተን ወዳለው መሥሪያ ቤታቸው ሄደሽ አናግሪው። ከስብሰባው አስቀድሞ ባለሙያዎቹ ለቦርዱ የሚያቀርቡት ሪፖርት ይወጣል፤ ልጅሽ ወይም አንድ የተማረ ዘመድ አብሮሽ ያንብበው። የምትፈልጊው ገጽ የሕንፃውን ጎን የሚያሳየው ነው። አጥርሽን ፈልጊና ከእሱ እስከ ግድግዳው ስንት ጫማ እንደሆነ እዪ። የካውንቲው ሕግ አፓርታማ ከባለ ግቢ ቤቶች ክልል ጋር ሲዋሰን ከአጥሩ ተጨማሪ ርቀት እንዲጠብቅ ይጠይቃል፤ ከፍታውም ያ ርቀት ከሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ ለባለ ግቢ ቤት ከሚፈቀደው ከፍታ ተነሥቶ በ45 ዲግሪ ወደ ላይ በሚያጋድል መስመር ሥር እንዲሆን ያዛል። ሕንፃው ወደ እናንተ ሲቀርብ ዝቅ፣ ወደ ትልቁ መንገድ ሲሄድ ከፍ ማለት አለበት እንደማለት ነው። ሥዕሉ ይህን ያሟላ እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቂው። የጥላ ጥናት ተሠርቶ እንደሆነም ጠይቂ። በታኅሣሥ ከሰዓት በኋላ ጥላው የት እንደሚደርስና ጎመን በምትተክይበት በሰኔ የት እንደሚደርስ የተለያየ ነው፤ ሁለቱንም እንዲያሳዩሽ በዪ።

ጎረቤትሽን ከስብሰባው በፊት ቤታቸው ሄደሽ አናግሪ። በሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት አታድርጊ። «እመጣለሁ፣ እናገራለሁም፤ ስለ ጥላውና ስለ መኪናው እኩል እንጨነቃለን። የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ግን ማንበብ አልችልም፤ እህቴ ተከራይ ናት፣ እኔም ለብዙ ዓመት ተከራይ ነበርኩ» በያቸው። ምናልባት ይከፋቸዋል። ምናልባትም አስበውት አያውቁምና ያፍራሉ፤ ያኔ ዓይናቸውን ሽሽተሽ የሚያፍሩበትን ጊዜ ስጫቸው። ሰውየው መልካም እንደሆኑ አንቺው ጽፈሽልኛል፤ መልካም ሰው ይህን መስማት ይችላል። እንዲያውም ከወረቀቱ ላይ ያንን መስመር እንዲያወጡት ብትጠይቂያቸው ለእሳቸውም ለማኅበሩም ውለታ ነው፤ ቦርዱ ፊት የሚያሳፍራቸው እሱ ነውና። ፊርማሽን ቀድሞ አስፍረሽ ከሆነ (አልገለጽሽልኝም) ለማኅበሩ ባለ ሁለት መስመር ኢሜይል ጽፈሽ ስሜ ይውጣልኝ ማለት ትችያለሽ።

ንግግርሽን አጭር አድርጊው። እኔ ብሆን እንዲህ እጀምር ነበር፦ «ከዚህ ሕንፃ ጋር አጥር የምትዋሰን ነኝ። እህቴ በዚህ ካውንቲ ተከራይ ናት፤ ቤት ምን ያህል እንደጠፋ ከእሷ ኑሮ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አይሠራ አልልም። እንዴት እንደሚሠራ ግን የምጠይቀው አለኝ።» ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ጥቀሺ። ወደ አጥሮቻችን በኩል ያለው ፎቅ ዝቅ ይበል፤ በዚያ በኩል በረንዳ አይሁን፣ ከሆነም የሚጋርድ ዛፍ ከመጀመሪያው ይተከል፤ የመኪናውና የዕቃ ጫኞቹ መግቢያ ከትልቁ መንገድ እንጂ ከእኛ ጠባብ መንገድ አይሁን። አራተኛ አትጨምሪ። አሥር ነገር የሚጠይቅ ሰው አንዱንም ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል። «አይሠራ አልልም» የሚለው ከብዶሽ ከሆነ አትበይው፤ ያላመንሽበትን ከምትናገሪ ጥያቄዎችሽን ብቻ አቅርቢ። ያ ብቻውን በቂ ነው።

ሁሉም አይሳካልሽ ይሆናል። ምናልባት ዛፎቹን ታገኚና በረንዳዎቹ ይቀራሉ። ጓሮሽ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ይህን ላባብልሽ አልፈልግም፤ ለዚያ ማዘንም ይፈቀድልሻል። የጠዋቱ ፀሐይ የሚደርስበትን ማዕዘን በዚህ ዓመት ልብ ብለሽ ካየሽ ጎመኑንና ጤና አዳሙን ወዴት እንደምታዛውሪ ታውቂያለሽ።

ቦርዱ የሚሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ሌሊት ሥራ ስላለሽ የረቡዕን ሌሊት ከአሁኑ ፈቃድ ጠይቂበት። ለመናገር መመዝገብ ያለብሽ ቀደም ብለሽ ነው። በአካል መሄድ ካልቻልሽ በኢንተርኔት ሆነሽ መናገርም ሆነ በጽሑፍ መላክ ይቻላል። በአማርኛ መናገር የሚቀልሽ ከሆነም ስትመዘገቢ አስተርጓሚ እንደምትፈልጊ አሳውቂያቸው። እህትሽ አብራሽ ልትመጣ ከፈለገች አምጫት፤ ካልፈለገች ግን አትጫኛት። ስብሰባው ካለፈ በኋላ ሁለታችሁም እንዴት እንደሆናችሁ ጻፊልኝ።